ባለ ስምንት እግሯ አይሲ፦ ከደባርቅ መርካቶ፣ ከመርካቶ ዳባት

ነገሩ የጀመረው በአንድ ማሲንቆ ነው።

ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት የስልክ መጠገኛ ሱቅ አለች። ሁለት ሰው ተቀምጦ ሦስተኛው ከቆመ ሞላች ማለት ነው። ባለቤቱ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተመረቀ ወጣት ነው። ከምረቃ በኋላ ሁለት ዓመት የሥራ ማስታወቂያ ሲያሳድድ ከረመና፣ የትም እንደማይደርስ ሲገባው ወደ ተወለደበት ከተማ ተመልሶ ጠረጴዛ ዘረጋ። ቀን ቀን ስክሪን ይቀይራል፣ ቻርጀር ይሸጣል፣ የተዘጋ ስልክ ይከፍታል። ማታ ማታ፣ የደባርቅ ብርድ ሰውን ሁሉ ወደ ቤቱ ካስገባ በኋላ፣ ጋቢውን ደርቦ የራሱን ሥራ ይሠራል። ትንንሽ የድምፅ ማጉያ፣ ሬዲዮ መቀበያ፣ ለእናቱ ጫጩቶች ማሞቂያ። ከዚህ ሥራ ገንዘብ አይገኝም። ጎረቤቶቹ “ምን ይሠራለታል?” ይላሉ። እሱ ግን የተማረውን ከመርሳት የሚያድነው ይኸው ብቻ እንደሆነ ያውቃል።

በኅዳር ወር አንድ አዝማሪ ወደ ሱቁ መጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በየሠርጉ የተጫወቱ ሰው ናቸው። ማሲንቋቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ በተፈቱት ስልኮች መካከል አስቀመጡትና፣

“ልጄ፣ ኪቦርድ ከመጣ ወዲህ እኔ የለሁም። ማይኩን ሳቀርበው ይጮህብኛል፣ ሳርቀው ማንም አይሰማኝም። ጥር ሳይገባ አንድ ነገር ብታደርግልኝ” አሉት።

ጥር የሠርግ ወር ነው። አዝማሪው አሁንም ይጠራሉ፤ ግን ኪቦርድ ተጫዋቹ ውኃ እስኪጠጣ ድረስ ያለችውን ጊዜ ለመሙላት ነው። የሚከፈላቸውም በዚያው ልክ ሆኗል። ጎንደርን በሚያህል የአዝማሪ አገር አንድ ማሲንቆ ከሠርግ ቤት የሚወጣው ሰው ጠልቶት ሳይሆን ድምፁ ስላልተሰማ ብቻ ከሆነ፣ ይህ የጥበብ ችግር አይደለም። የኤሌክትሮኒክስ ችግር ነው። ልጁም እንደዚያ አየው።

የሚያስፈልገውን ወዲያው አውቆታል። ከተበላሸ የሚጮህ ሰዓት ውስጥ የምትወጣ፣ ሳንቲም የምታህል ስስ የነሐስ ክብ አለች፤ ፒዬዞ ትባላለች። ስትነዝር ኤሌክትሪክ ታመነጫለች። ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጋ ከምትይዘው እንጨት አጠገብ ብትለጠፍ፣ ማሲንቆው ሲነዝር አብራው ትነዝራለች። በአየር ላይ የሚዞር ድምፅ ስለማትቀበል እንደ ማይክ አትጮህም። ችግሯ ዓይነ አፋርነቷ ነው። ቮልቴጅ ትሰጣለች፣ ከረንት ግን ከምንም የማይቆጠር ነው። ከእሷ ቀጥሎ የሚቀመጠው ዕቃ ትንሽ እንኳ ከወሰደባት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ማሲንቆው ማሲንቆ መሆኑ ይቀርና የቆርቆሮ ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ ከእሷ ምንም ሳይወስድ የሚያዳምጣት ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ዓለም ከ40 ዓመት በላይ የተጠቀመባት አንዲት ባለ ስምንት እግር አይሲ አለች፤ ቲኤል072 ትባላለች።

ቲኤል072 ኦፕ አምፕ ከሚባለው ቤተሰብ ናት። ኦፕ አምፕ ምንድን ነው ለሚል ሰው፣ ሁለት ጆሮና አንድ አፍ ያለው ነገር ነው ማለት ይቻላል። በሁለቱ ጆሮዎቹ የሚሰማውን ያወዳድራል፤ ልዩነቱን መቶ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ አባዝቶ በአፉ ያወጣል። እንዲሁ ቢለቀቅ ብዙም አይጠቅምም፤ ኢምንት ልዩነት ስትመጣ እስከ ጥግ ይሄዳል። ከአፉ ከሚወጣው ላይ ጥቂት ቆርጠው ወደ አንዱ ጆሮው ሲመልሱለት ግን ይገራል። ከዚያ በኋላ ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ የሚወስኑት ሁለት ርካሽ ሬዚስተሮች ናቸው። አስር እጥፍ ካሉት አስር፣ ሃምሳ ካሉት ሃምሳ። በቲኤል072 ውስጥ እንዲህ ያሉ ሁለት ማጉያዎች በአንድ ቤት ይኖራሉ።

የዚህ ቤተሰብ ታዋቂዋ 741 ናት። ፌርቻይልድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 አወጣት፤ የነደፋት ደግሞ ዴቭ ፉላጋር ነው። ከእሷ በፊት ቦብ ዊድላር የነደፋቸው 709 እና ኤልኤም101 ነበሩ። ድንቅ ሥራዎች ነበሩ፤ ግን በራሳቸው እንዳያፏጩ ከውጭ ካፓሲተር ይጨመርላቸው ነበር። ይህን ያላወቀ ሰው ሠራሁ ብሎ ሲያበራው ይጮህበታል። ፉላጋር ያችን 30 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አይሲው ውስጥ አስገባት። ነገሩ በዚህ ቀለለ፤ ተማሪውም ጠጋኙም ብዙ ሳይጨነቅ መሥራት ቻለ። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ስለሆነ፣ 741 ከፓርኩ በአንድ ዓመት ትበልጣለች። እስከ ዛሬም ትመረታለች። ልጁም ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ኦፕ አምፕን የተማረው በእሷ ነው።

ታዲያ ለማሲንቆው ለምን 741 አትሆንም? ትጠጣለች። በጆሮዋ በኩል ወደ 80 ናኖአምፒር ገደማ ትስባለች። ይህ ለሌላ ሥራ ኢምንት ነው፤ ለፒዬዞ ግን ብዙ ነው። ሹክሹክታዋም ይሰማል። በየቻርጀሩ ውስጥ የምትገኘው ኤልኤም358 ደግሞ ከ3 ቮልት ጀምሮ ስለምትሠራ ለባትሪ ትመቻለች፤ ድምፅ ላይ ግን ትኮላተፋለች። ቲኤል072 በጆሮዋ በር ላይ ጄፌት የሚባል ትራንዚስተር ስላላት የምትስበው 65 ፒኮአምፒር ገደማ ነው፤ ከ741 ከሺህ ጊዜ በላይ ያነሰ። ዓይነ አፋሯን ፒዬዞ ሳትነካ ታዳምጣታለች።

ልጁ ፍለጋውን ከደባርቅ ጀመረ፤ እዚያ የለችም። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ጎንደር ሲወርድ ሱቅ ለሱቅ ጠየቀ። አንዱ ነጋዴ ሳቀበት። “አሁን ማን አይሲ ይገዛል? ሙሉ ቦርዱን ውሰድ” አለው። እውነቱን ነው። የጥገና ሥራ ከተለወጠ ቆይቷል። ቀድሞ ጠጋኝ የተቃጠለውን አንድ ክፍል ፈልጎ ይቀይር ነበር። ዛሬ ቦርዱ በሙሉ ይወጣና ሌላ ቦርድ ይገባል። ለደንበኛው ይፈጥናል፤ ለነጋዴውም ትርፍ አለው። የተረፈው ነገር ቢኖር፣ አንድ አይሲ ብቻ የሚፈልግ ሰው እንደ እብድ መታየቱ ነው።

ከዚያ መርካቶ ቀረ። አዲስ አበባ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛውን ለመነ። ጓደኛው ግማሽ ቀን ተዟዙሮ አንድ ቦታ አገኘ፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከ፤ ልጁ በቴሌብር ከፈለ። አምስት ፍሬ ተጠቅልለው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ተላኩ። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ መንገዱ አንድ ቀን ታግቶባቸው፣ ደባርቅ ደረሱ። በዓለም ገበያ የአንዷ ዋጋ ከአንድ ዶላር በታች ነው። ለልጁ ግን ከዕቃው መላኪያው፣ ከመላኪያው ደግሞ የጓደኛው ውለታ በለጠበት።

አይሲዎቹ ያብረቀርቃሉ። ነጫጭ ፊደሎቻቸው ትናንት የተጻፉ ይመስላሉ። የተጻፉትም ትናንት ሳይሆን አልቀረም።

ማጉያውን ሠርቶ ሲያበራው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማ፤ ማሲንቆውም እንደ ጣሳ ጮኸ። መጀመሪያ ራሱን ጠረጠረ፤ ሁለት ሌሊት ሥራውን መረመረ። በሦስተኛው ሌሊት አይሲዋን ራሷን ሊፈትን ተነሳ። ፈተናው ቀላል ነው፤ መሞከር ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል። አይሲዋ የሰማችውን ያንኑ እንድትደግም ከአፏ ወደ ኔጌቲቭ ጆሮዋ ሽቦ ይገናኛል። ፖዘቲቭ ጆሮዋ በ10 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በኩል ከሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪዎች መካከለኛ ነጥብ ጋር ይያያዛል። ባለ 10 ሜጋ ኦም ስላልነበረው አስር ባለ 1 ሜጋ ኦም ቀጣጠለ። ከዚያ አፏ ላይ በቴስተር ይለካል። እውነተኛ ቲኤል072 ከሆነች ከረንት ስለማትስብ ከዜሮ ብዙ አትርቅም፤ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ያሳያል። የልጁ ቴስተር ግማሽ ቮልት አካባቢ አሳየው። አምስቱንም ለካ። አምስቱም ጠጪ ናቸው።

በማግስቱ ከጎረቤቱ የሴቶች ፀጉር ቤት አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተበድሮ በጥጥ ጠረጋቸው። ጥጡ ጠቆረ። ከጥቁሩ ቀለም ሥር በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ገጽ ታየ። አይሲዎቹ የሌላ ስም ባለቤት ነበሩ። ስማቸው ተፍቆ፣ ጥቁር ተቀብተው፣ አዲስ ስም ወጥቶላቸዋል። በአገርኛው ፎርጅድ ናቸው።

ሻጩን መርገም ቀላል ነው። ግን እሱም እንደመጣለት ነው የሸጠው፤ ፊደል ያያል እንጂ ውስጥ አያይም። በዓለም ዙሪያ የሚጣለው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ተሰብስቦ ከቦርዱ ላይ አይሲው በእሳት ይለቀማል፣ ይፋቃል፣ ይቀባል፣ ተመልሶ እንደ አዲስ ይሸጣል። ይህ ድሆችን ብቻ የሚያጠቃ ማጭበርበር አይደለም። የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ሪፖርት፣ ለጦር መሣሪያ በሚቀርቡ ዕቃዎች ውስጥ 1,800 ያህል የፎርጅድ ክፍል ጉዳዮችን አግኝቷል፤ የተጠረጠሩት ክፍሎች ብዛትም ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር። አውሮፕላን የሚገዛ መንግሥት ከተታለለ፣ መርካቶ ውስጥ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ነጋዴ ቢታለል ምን ይደንቃል?

አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። እነዚያ አምስት አይሲዎች ፎርጅድ የሆኑት አሮጌ ስለሆኑ አይደለም። ምናልባት በራሳቸው ስም ደህና አገልጋዮች ነበሩ። የተበላሸው ስማቸው ነው። አሮጌ ዕቃ በትክክለኛ ስሙ ቢሸጥ ማንም አይጎዳም። አዲስ ስም የለበሰ አሮጌ ግን ገንዘብን ብቻ ሳይሆን የሰውንም በራስ መተማመን ይበላል። ልጁ ሁለት ሌሊት ሙሉ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ነበር። ከሱ ያነሰ የተማረ ቢሆን ኖሮ “እኔ አልችልም” ብሎ ብረቱን ያስቀምጥ ነበር። ያስቀመጡም ብዙ ናቸው።

ከውጭ በቀጥታ ለማዘዝም አሰበ። ዶላር የሚቆርጥ ካርድ የለውም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ደግሞ ጥቂት ዶላር እንኳ ቀላል አይደለም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይላክልኝ ቢል፣ ለአምስት አይሲ የሚደረግ ልመና ያሳፍራል። ጊዜውም እየሄደ ነው። ታኅሣሥ ገብቷል።

መንገዱን ያመላከቱት እናቱ ናቸው። ወጥ ቤት ሆነው ሲያማርር ሰሙትና፣ “ዳባት የነበሩት ሬዲዮ ሠሪ አሉ አይደል? የአባትህን ቴፕ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ” አሉ።

ዳባት ከደባርቅ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ በሚኒባስ ሩቅ አይደለችም። ሽማግሌው ሱቃቸውን ከዘጉ ከርመዋል። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ልጁ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸውና፣ የማን ልጅ እንደሆነ ተናግሮ፣ እጅ ነስቶ ጠየቃቸው።

“ጋሼ፣ ቲኤል072 የምትባል አይሲ ትኖርዎት ይሆን?”

“ልትኖር ትችላለች። እኔ ግን አላያትም። አንተ ታነብልኛለህ።”

ከአልጋ ሥር አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ አስወጡት። ከባድ ነው። ሰፌድ አስመጡና እንደ ምስር ዘረገፉት። ለአርባ ዓመት ከሞተ ዕቃ ሁሉ የነቀሏቸው አይሲዎችና ትራንዚስተሮች ናቸው። ፊደላቸው ደብዝዟል። ልጁ በስልኩ ካሜራ እያጎላ ያነባል፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ይመልሳሉ።

“4558።”

“የዲቪዲ ናት። ከድምፅ መውጫው አጠገብ ነው የምትቀመጠው። አስቀምጣት፣ ደህና ናት።”

“324።”

“የስታቢላይዘር። አራት ናቸው በአንድ ቤት። መብራት በበዛበት ጊዜ ስንቱን ፍሪጅ አድነዋል።”

“386።”

“እሷ ለስፒከር ናት፤ ከእነዚያ ጋር አታቀላቅላት።”

“082።”

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ተቀብለው እግሮቿን በጣታቸው ዳሰሱ። “የምትፈልጋት እህት ናት። ትንሽ ታንሾካሹካለች እንጂ ሥራዋ አንድ ነው።”

እንዲህ ሲሉ ውለው ሁለት ቲኤል082 እና አንዲት ቲኤል072 ተገኙ። 072ዋ ከተቃጠለ ሚክሰር የተነቀለች ናት። ከስሟ ሥር 8623 የሚል ቁጥር አለ። የእንዲህ ያሉ አይሲዎች ቁጥር የልደት ቀን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተመረተች ማለት ነው፤ በእኛ ግንቦት 1978 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ። ከልጁ ትበልጣለች። ማታ በ10 ሜጋ ኦሙ ፈተና ላይ ሲያስቀምጣት ቴስተሩ ከዜሮ ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል፤ ሁለት ሚሊቮልት ብቻ አሳየ። ፊደሏ ቢደበዝዝም ስሟ እውነት ነበር።

ሽማግሌው ገንዘብ አልቀበልም አሉ። “የእኔ ራሷ ሬዲዮ ከተበላሸች ዓመት ሆናት። አንተ ዓይንና እጅ ሁነኝ፣ እኔ እነግርሃለሁ” አሉት። በዚያው ዕለት ተቀምጠው ሠሯት። ችግሩ አንድ የደረቀ ካፓሲተርና አንድ የላላ ብየዳ ነበር። ሬዲዮዋ ስትናገር ሽማግሌው ምንም አላሉም፤ ድምፁን ብቻ ከፍ አደረጉት።

ጣሳው ከመጥፋት ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ልጆቻቸው ክፍሉን ለማጽዳት ብለው ሁለት ጆንያ የሞተ ቦርድ ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ በኪሎ ሸጠውታል። ሰብሳቢው የሚፈልገው መዳቡንና ብረቱን ነው። የቀረው ይቃጠላል ወይም ይጣላል፤ ጭሱም ከእርሳሱ ጋር ለሰው ሳንባ ይተርፋል። ልጆቹ አልተሳሳቱም፤ ለነሱ ቆሻሻ ነበር። ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም። አባታቸውም እንዳይናገሩ፣ ማየት ያቆመ ሰው ምስክርነቱን የሚሰማው የለም።

በውጭ አገር አሮጌ ኦፕ አምፕ የሚያሳድዱ ሰዎች ሞልተዋል። የጊታር ተጫዋቾች በአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር ምክንያት ጃፓን ሠራሹን የድሮ ጄአርሲ4558 ሲፈልጉ ይኖራሉ፤ ድምፁ ይለያል ይላሉ። የእነሱ ትዝታ ነው። ደባርቅ ላይ ግን አሮጌ አይሲ የሚፈለገው ለትዝታ አይደለም፤ አዲሱ ስለማይደርስ፣ የሚደርሰውም ስለማይታመን ነው። ያም ሆኖ ዕቃው የለም ማለት ስህተት ነው። ሞልቷል። በየቤቱ ጣሪያ ሥርና አልጋ ሥር ተኝቷል። ከተበላሸ ስታቢላይዘር ውስጥ 324 ትወጣለች። ከድሮ ዲቪዲ ማጫወቻና ከአክቲቭ ስፒከር 4558 ትወጣለች። ከቻርጀርና ከዩፒኤስ 358 ትወጣለች። ከሞተ ሚክሰርና ከሞንታርቦ ማጉያ ዕድለኛ የሆነ 072 ያገኛል። ሲነቅሉ አይሲዋን ብዙ አለማቃጠል፣ እግሯን አለመስበር፣ ነቅሎ መፈተን፣ ፈትኖ ከየት እንደወጣች መጻፍ ነው። ሥራው ይኸው ነው።

እዚህ አገር የጎደለው ዕቃው ሳይሆን የትኛው ምን እንደሆነ፣ የትኛው በየትኛው እንደሚተካ የሚያውቀው ሰው ነው። ያ ሰው አለ፤ ግን ሱቁን ዘግቶ ፀሐይ ይሞቃል። አዲሱ ምሩቅ ደግሞ ዳታሺት ማንበብ ያውቃል፤ ዳታሺቱን የሚያወርደው ግን ከኢንተርኔት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ስልክ ጠጋኙ ሁሉ አንዲት አይሲ ምን እንደሆነች የሚጠይቀው አጥቶ ነበር። የሽማግሌው ጭንቅላት ግን አልተቋረጠም። የሚጠይቀው ነው ያልነበረው።

ልጁ ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ዳባት ይሄድ ጀመር። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዝቶ በአራት መስመር ከፈለው፤ ቁጥር፣ ሥራ፣ ከምን ተነቀለ፣ በምን ይተካል። ሽማግሌው ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል። የሚያውቀውን ከዳታሺት ያመሳክራል። አንዳንዴ ሽማግሌው ይሳሳታሉ፤ አንዳንዴ እሱ። ሲከራከሩ አይሲዋን ፈትነው ይፈርዳሉ። ጣሳው ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ደብተሩ ግን ይበልጠዋል። ጣሳው አንድ ቀን ያልቃል።

ጥር ገባ። አዝማሪው ማሲንቋቸውን ይዘው አንድ ሠርግ ላይ ተገኙ። ፒዬዞዋ ከቆዳው ሥር ተለጥፋለች። ሽቦዋ የሳሙና መያዣ በምታህል ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሚክሰሩ። ልጁ አይሲዋን ቀጥታ አልበየዳትም፤ ሶኬት ላይ ነው የሰካት። ሁለቱን 082ዎች ደግሞ ከክዳኑ ውስጥ በፕላስተር ለጥፏቸዋል፤ 072ዋ ብትሞት ሳጥኑን የሚከፍት ማንም ሰው ነቅሎ እንዲተካ።

ሁሉም ነገር ያማረ አልነበረም። ጣታቸው ጭራውን ሲነካ የሚያሰማው ኮሽታም አብሮ ጎላ። አዝማሪው በመጀመሪያው ዜማ ተደናግጠው ወደ ልጁ ዞር አሉ። በሁለተኛው ለመዱት። በሦስተኛው ኪቦርድ ተጫዋቹ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ያዳምጥ ጀመር። እሳቸው ሲጨርሱ ደግሙ ተባሉ። በዚያ ቀን የተከፈላቸው ስንት እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም፤ ለልጁ ግን በማግስቱ አንድ ኪሎ ማር ይዘው መጡ።

አሁን ጥያቄው ስለ አንድ ማሲንቆ አይደለም። በየከተማው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ። ደባርቅ ውስጥ ዩኒቨርሲቲም አለ። አንድ መደርደሪያ፣ ጥቂት ጣሳ፣ አንድ ደብተር ለማዘጋጀት በጀት አያስፈልግም። ተማሪ ከሞተ ቦርድ አይሲ ነቅሎ፣ ፈትኖ፣ ስሙን ጽፎ እንዲያስገባ ማድረግ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። የድሮ ጠጋኞችን በወር አንድ ቀን ጠርቶ ወንበር መስጠትም ከአበል ጋር እንኳ ከአንድ ዓውደ ጥናት ያነሰ ወጪ ነው። ነጋዴዎችም ኮፒውን ኮፒ፣ ያገለገለውን ያገለገለ ብለው ቢሸጡ ገዢ አያጡም። ልጁ ያገለገለ አይሲ በደስታ ይገዛ ነበር፤ የገዛው ግን አዲስ ውሸት ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው ቤቱ ውስጥ አንድ የሞተ ስታቢላይዘር ወይም ዲቪዲ አይጠፋም። ለኪሎ ገዢው ከመስጠቱ በፊት በሰፈሩ ብረት ይዞ የሚፍጨረጨር ልጅ ይኖር እንደሆነ ይጠይቅ። አያት ወይም አጎት የሆነ የድሮ ሬዲዮ ሠሪ ካለ ደግሞ ከአልጋው ሥር ምን እንዳለ ይጠይቀው። ፊደሉን የሚያነብለት ዓይን ብቻ ነው የጎደለው።